ተሰጥኦ ዲስሌክሲያን አያጠፋም፣ ዲስሌክሲያም ተሰጥኦን አይወልድም፦ ሰሞኑን ለተሰራጨው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን በባሕር ዳር የቴሌግራም ግሩፖች ውስጥ ያልገባበት የለም። የፔዳ ግቢ ተማሪዎች፣ አስጠኚ መምህራን፣ የወላጅ ኮሚቴዎች፣ ሁሉም «ይህን ሳታነቡ እንዳታልፉ» እያሉ የሚቀባበሉት አንድ ጽሑፍ አለ። የሚያወራው ዲስሌክሲያ (ብልህነት ሳይጎድል ቃላትን በትክክልና በፍጥነት ማንበብ የሚከብድበት ችግር) ያለባቸው፣ ግን ደግሞ ልዩ ተሰጥኦ የታደሉ አዋቂ ሰዎች አንጎላቸው መረጃን እንዴት እንደሚያስተናግድ ነው። አጻጻፉ ያምራል፣ ዓላማውም ቀና ነው። ይሁን እንጂ ከያዛቸው ስድስት ነጥቦች አብዛኞቹ ስህተት ናቸው፤ ስህተታቸው ደግሞ ጸሐፊው ሊደግፏቸው ያሰቧቸውን ሰዎች መልሶ የሚጎዳ ዓይነት ነው።

ሐሳባቸውን ሳላዛባ ላስቀምጥ። ዲስሌክሲያ ያለበት ሰው ፊደል ተገልብጦ ወይም እየዋኘ ይታየዋል ይላሉ። የሚያስበው በቀኙ የአንጎል ክፍል፣ በሥዕል ስለሆነ በቃላት ከሚያስበው ሰው በብዙ መቶ እጥፍ ይፈጥናል። ዲስሌክሲያ ራሱ የሊቅነት ምልክት ነው፤ ለዚህም አንስታይንና ዳ ቪንቺ፣ ከቅርባችን ደግሞ ፊደል ሳይቆጥሩ ያለ ንድፍ ታንኳ የሚሠሩት የጣና ሰዎች ምስክር ናቸው። ጎበዝ ሰው ሲበስል ዲስሌክሲያው ይለቀዋል፤ ዲግሪ ይዞ «አለብኝ» የሚል ሰው ሰበብ ፈላጊ ነው። በአማርኛ ግን ከነጭራሹ ዲስሌክሲያ የለም፣ ፊደላችን እንደተጻፈ ይነበባልና። መድኃኒቱም ባለቀለም መነጽር፣ ለዲስሌክሲያ የተሠራ የፊደል ቅርጽና ከንባብ መገላገል ነው።

ሦስተኛውና አራተኛው ነጥብ እርስ በርስ እንደሚጣሉ አንባቢ ልብ ይበል። ዲስሌክሲያ የሊቅነት ምንጭ ከሆነ ሊቁ ሲበስል ለምን ይለቀዋል? ከለቀቀውስ ሊቅነቱ የት ይሄዳል?

አንድ ነገር ላይ ግን ጸሐፊው ፍጹም ትክክል ናቸው። ንባብ የሚከብደውን ሰው «ደደብ» ወይም «ሰነፍ» ማለት ነውርም ስህተትም ነው፤ ይህም ዛሬ የተደረሰበት ነገር አይደለም። በ1896 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ፕሪንግል ሞርጋን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ ስለ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ጽፎ ነበር። ልጁ ብልህ ነው፣ ሒሳብ ይችላል፣ ማንበብ ግን አልሆን ብሎታል። መምህሩ ትምህርቱ በሙሉ በቃል ቢሆን ኖሮ ከትምህርት ቤቱ አንደኛ እሱ ይሆን ነበር ሲል መስክሮለታል። ይህ ልጅ ጎጃም ተወልዶ ቅኔ ቤት ቢገባ ኖሮ፣ ተማሪው በቃሉ ቆጥሮ በቃሉ በሚዘርፍበት፣ መምህሩም በጆሮው ሰምቶ በሚያርምበት ጉባኤ፣ ዕጣው ሌላ ሊሆን ይችል እንደነበር መገመት አይከብድም።

አሁን ወደ ነጥቦቹ።

«ፊደል ተገልብጦ ይታያቸዋል» የሚለው አሜሪካዊው የነርቭ ሐኪም ሳሙኤል ኦርተን በ1925 ካነሳው ሐሳብ ጋር የሚዛመድ የቆየ እምነት ነው። በ1970ዎቹ ፍራንክ ቬሉቲኖና ባልደረቦቹ ቀላል ሙከራ አደረጉ። ዕብራይስጥ የማያውቁ ልጆችን፣ ንባብ የሚከብዳቸውንም የማይከብዳቸውንም፣ የዕብራይስጥ ፊደላት አሳይተው ከትውስታ እንዲጽፏቸው ጠየቁ። ሁለቱ ወገኖች እኩል ሆኑ። ዓይን የሚያዛባ ቢሆን ኖሮ የማያውቁትም ፊደል በተዛባባቸው ነበር። መለያየቱ የሚመጣው ፊደሉን ከድምፁ ጋር ማጣመር ሲያስፈልግ ነው። ፊደል መገልበጥማ ገና መጻፍ የሚጀምር አብዛኛው ሕፃን ያደርገዋል። ለጸሐፊው የምተውላቸው ነገር ቢኖር የፊደላት መጨናነቅን ነው፤ በ2012 የወጣ ጥናት በፊደላት መካከል ያለውን ክፍተት ማስፋት ብቻውን ዲስሌክሲያ ያለባቸውን የጣሊያንና የፈረንሳይ ልጆች ንባብ እንዳሻሻለ አሳይቷል። ያ ግን ከመገልበጥ ጋር አይገናኝም።

የቀኝና የግራ አንጎል ተረት ትንሽ ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል፤ የጽሑፉ ምሰሶ እሱ ነውና።

ንባብ በአንጎል ውስጥ የሚሄደው በግምት እንዲህ ነው። ዓይን ያየው ከኋላ ወዳለው የእይታ ክፍል ይገባል። ከዚያ በግራ በኩል፣ ከታችኛው የእይታ ክፍል ወደ ጆሮ አካባቢ በሚያደርሰው ቦታ ላይ፣ የፊደል ስብስብን እንደ አንድ ቃል የሚለይ አካባቢ አለ፤ ተመራማሪዎቹ ሎራን ኮኸንና ስታኒስላስ ዴሃን በ2000 ስም ሰጥተውታል። ልምድ ያለው አንባቢ እዚህ የሚደርሰው በሰከንድ አንድ አምስተኛ ገደማ ነው። ከሱ ከፍ ብሎ፣ ከግራ ጆሮ በላይ፣ ፊደልን ከድምፅ ጋር የሚያጣምረው ክፍል ይገኛል። ሦስተኛው ከግንባር በስተግራ ያለው የንግግር ክፍል ነው። ዲስሌክሲያ ባለባቸው ሰዎች ላይ በተደጋጋሚ የታየው ሁለቱ የኋላ ክፍሎች በንባብ ጊዜ ከሌላው ሰው ያነሰ መሥራታቸው ነው። በአንዳንዶቹ የግንባሩ ክፍልና የቀኙ ጎን ተጨማሪ ሥራ ሲሸከሙ ይታያሉ።

የቀኙ ጎን «መብራት» በአንጎል ምስል ላይ ሲታይ ጸሐፊው የተሰጥኦ ማስረጃ አድርገው ወሰዱት። የምስሉ ትርጉም ግን ዋናው መስመር ስላልሠራ ሥራው በሌላ በኩል እየተከናወነ ነው የሚል ነው። በዚህ በኩል ሥራው ይሠራል፣ ይዘገያል፣ ያደክማል። «የቀኝ አንጎል ሰው» እና «የግራ አንጎል ሰው» የሚለውን ክፍፍል በተመለከተ ደግሞ በ2013 የዩታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የ1,011 ሰዎችን የአንጎል ምስል መርምረው አንዱን ጎን በአጠቃላይ አብልጦ የሚጠቀም የሰው ዓይነት አላገኙም። ቋንቋ ወደ ግራ ያደላል፣ ትኩረት ወደ ቀኝ ያደላል፤ በዚህ አብዛኛው ሰው አንድ ነው።

«በብዙ መቶ እጥፍ ይፈጥናል» ለሚለው፣ ጸሐፊው ምን በምን ተለክቶ እንደሆነ አልነገሩንም። የተለካው ነገር ወደ ሌላ አቅጣጫ ይጠቁማል። ከ1970ዎቹ ጀምሮ የሚሠራበት አንድ ፈተና አለ፤ አምስት የታወቁ ነገሮች፣ ለምሳሌ አምስት ቁጥሮች ወይም አምስት ቀለሞች፣ እያንዳንዳቸው አሥር ጊዜ ተደጋግመው በጠቅላላው 50 ሆነው በአንድ ወረቀት ላይ ይደረደራሉ። ተፈታኙ ከግራ ወደ ቀኝ በፍጥነት ስማቸውን ይጠራል። የሚያስብበት ነገር የለም፣ ሁሉንም ያውቃቸዋል፤ የሚለካው ያየውን ወደ ስም ለመቀየር የሚወስድበት ጊዜ ብቻ ነው። ዲስሌክሲያ ያለባቸው ብዙ ሰዎች፣ እጅግ ብልህ የሆኑትም ጭምር፣ እዚህ ላይ ይዘገያሉ።

ሌላው መታወቅ ያለበት፣ ይህ የአንጎል አሠራር አይ ኪው (የብልህነት መለኪያ ውጤት) ከፍ ዝቅ ሲል አብሮ የማይለወጥ መሆኑ ነው። በ2011 የወጣ፣ 131 ልጆች የተሳተፉበት የአንጎል ምስል ጥናት ንባብ የከበዳቸውን ልጆች ከፍተኛ አይ ኪው ያላቸውና ዝቅ ያለ ያላቸው ብሎ ከፍሎ አነጻጽሯል። በግራ የኋላ ክፍሎች የታየው ድካም በሁለቱም ዘንድ ያው ነበር። እንግዲህ የባለተሰጥኦው ዲስሌክሲያ ከሌላው ሰው ዲስሌክሲያ የተለየ፣ «የከበረ» ዓይነት አይደለም። የሚለየው በዙሪያው ያለው አቅም ነው፦ ሰፊ የቃላት ክምችት፣ ጠንካራ ትውስታ፣ ፈጣን ግምት።

ስለ ሊቅነት ምልክትነቱ። አንስታይን በ1896 ስዊዘርላንድ አራው ውስጥ ትምህርቱን ሲጨርስ በአልጀብራ፣ በጂኦሜትሪና በፊዚክስ ከ6 6 ነበር ያገኘው፤ ዲስሌክሲያ እንደነበረበት የሚያሳይ ማስረጃ የለም። ዳ ቪንቺ የመስታወት ጽሕፈት (ከቀኝ ወደ ግራ የተገለበጠ) ይጽፍ የነበረው ግራኝ ስለነበረ ነው ቢባል ይበልጥ ያሳምናል። ምሳሌ ከተፈለገ እውነተኛው አለ፤ ስዊዘርላንዳዊው ዣክ ዱቦሼ በ2017 በኬሚስትሪ፣ አሜሪካዊቷ ካሮል ግራይደር በ2009 በሕክምና ኖቤል ወስደዋል፤ ሁለቱም ዲስሌክሲያ እንዳለባቸው ራሳቸው በአደባባይ ተናግረዋል። ዱቦሼ በአጭር የሕይወት ታሪኩ ላይ በ1955 በቮ ካንቶን በይፋ የተመዘገበ የመጀመሪያው ባለ ዲስሌክሲያ መሆኑን ይገልጽና ይህም በሁሉም ትምህርት ደካማ የመሆን ፈቃድ እንደሰጠው ይቀልዳል። ሰውየው ዲስሌክሲያን ስጦታ ነው ሲል አናየውም።

ሁለት ኖቤል ተሸላሚ ግን ሕግ አይሆንም። ልዩ ተሰጥኦ ብዙ ጊዜ የሚለካው በአይ ኪው 130 እና ከዚያ በላይ ነው፤ ይህም ከሕዝቡ 2 በመቶ ገደማ ነው። ዲስሌክሲያ ደግሞ በተለመደው ግምት ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆነውን ሰው ይነካል። ሁለቱ አንዱ ሌላውን ባያስከትል እንኳ በአጋጣሚ ብቻ አንድ ሰው ላይ መገናኘታቸው አይቀርም። ጽሑፉ በአሜሪካ ከተጠየቁት ሥራ ፈጣሪዎች 35 በመቶ የሚሆኑት ዲስሌክሲያ አለብን ማለታቸውንም ይጠቅሳል። አዎ፣ በ2009 የወጣ እንዲህ ያለ ጥናት አለ፤ ነገር ግን መጠይቅ ነው፣ የተጠየቁትም ንግዳቸው የቆመላቸው ናቸው። በጽሑፍ ሥራ ቢሮ መቀጠር የከበደው ሰው ወደ ንግድ ቢሄድ ያ የአንጎሉ ልዩ ችሎታ ነው ወይስ በር ተዘግቶበት?

የቦታና የቅርጽ ችሎታን በተመለከተ ጸሐፊው ከፊል እውነት ይዘዋል። በ2003 በተሠራ ጥናት ዲስሌክሲያ ያለባቸው ሰዎች «ሊኖር የማይችል» ሥዕልን፣ ለምሳሌ ወደ ላይም ወደ ታችም የማያልቅ ደረጃን፣ ከሌሎች ፈጥነው ለይተዋል፤ በትክክለኛነትም አላነሱም። በ2018 ግን ብዙ ጥናቶች በአንድነት ሲመዘኑ የተገኘው ሌላ ነው፤ ዲስሌክሲያ ያለባቸው አማካይ ውጤታቸው ትንሽ ዝቅ ይላል፣ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ግን ሰፋ ይላል። ልዩነቱ ስለሚሰፋ ከጫፍ ላይ ድንቅ የሆኑ ይገኛሉ፤ በሌላው ጫፍ ላይም እንዲሁ።

የታንኳ ሠሪዎቹ ነገር ግን ቅር ያሰኛል። ደንገሉን ቆርጦ፣ አድርቆ፣ አስሮ ውሃ ላይ ሚዛኑን የሚጠብቅ ታንኳ የሚያወጣ ሰው ሙያውን ያገኘው ከልጅነቱ ጀምሮ አብሮ እየሠራ ነው። ፊደል አለመቁጠሩ የትምህርት ቤት ጉዳይ እንጂ የዲስሌክሲያ ጉዳይ አይደለም። ዴሃንና ባልደረቦቹ በ2010 በብራዚልና በፖርቱጋል ያልተማሩ ሰዎችን፣ ጎልማሳ ሆነው የተማሩትንና በልጅነታቸው የተማሩትን አነጻጽረው ነበር፤ ጎልማሳ ሆነው የተማሩትም ያ የግራ የቃል መለያ ክፍል በአንጎላቸው ውስጥ ለፊደል ምላሽ መስጠት ጀምሯል። ያልተማረ አንጎል ዕድሉን ያላገኘ አንጎል ነው። ዲስሌክሲያ ያለበት ግን ዕድሉን አግኝቶ፣ ጥሩ መምህር ኖሮት፣ ተግቶም መንገዱ አልጠረግ ያለው ነው። ሁለቱን መቀላቀል ለሁለቱም ፍርደ ገምድልነት ነው።

አምስተኛውን ነጥብ ላስቀድም፤ ያለሱ አራተኛው አይብራራም።

«በአማርኛ ዲስሌክሲያ የለም» የሚለው አባባል መነሻ አለው። እንግሊዝኛ 40 ያህል ድምፆችን ለመጻፍ ከ1,100 በላይ የፊደል ጥምረቶችን ይጠቀማል፤ ጣሊያንኛ 25 ድምፆቹን በ33 ይጨርሳል። በ2001 ኤራልዶ ፓውሌሱና ባልደረቦቹ ዲስሌክሲያ ያለባቸውን የጣሊያን፣ የፈረንሳይና የእንግሊዝ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንጎል ሲያነሱ ጣሊያኖቹ ከሌሎቹ የተሻለ አንብበዋል። በግራ ጆሮ አካባቢ የታየው ድካም ግን በሦስቱም አገር አንድ ነበር። በጀርመንኛም ላይ በ1990ዎቹ የታየው ይህንኑ ያጠናክራል፤ ፊደሉ ግልጽ በሆነ ቋንቋ ዲስሌክሲያ ያለበት ሰው ብዙ አይሳሳትም፣ ግን ይዘገያል። ስህተት ብቻ የሚቆጥር ሰው አያገኘውም፤ ሰዓት የያዘ ያገኘዋል።

የእኛ ፊደል ወደ ጣሊያኑ ይቀርባል። አንዱ ፊደል ተነባቢውንም አናባቢውንም ይዞ ስለሚመጣ የመነሻው ደረጃ ያግዛል። ሸክሙ የሚመጣው በሌላ በኩል ነው። ከ33ቱ ፊደላት በሰባት ቤት 231 ቅርጽ ይወጣል፤ ደ እና ጀ፣ ነ እና ኘ፣ ተ እና ቸ፣ ጠ እና ጨ የሚለያዩት በአንዲት ጭረት ነው። የካዕብና የሣልስ ምልክት ከፊደል ፊደል ቦታው ይለዋወጣል። ሳድሱ አንዳንዴ አናባቢ አለው፣ አንዳንዴ የለውም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ግሳችን ረጅም ነው፤ ማን፣ ለማን፣ መቼ፣ አዎንታና አሉታ ሁሉም አንድ ቃል ውስጥ ይታጨቃሉ።

አንድ ቃል ቀረብ ብለን እንይ። «ስለሚመለከታቸው» ዘጠኝ ፊደል ነው፤ «ስለማይመለከታቸው» አሥር። ልዩነቱ ሦስተኛው ቦታ ላይ ያለው ሚ ወደ ማይ መቀየሩ ብቻ ነው፤ ትርጉሙ ግን ይገለበጣል። ዲስሌክሲያ ያለበት ባለተሰጥኦ አንባቢ ይህን ቃል ፊደል በፊደል አይወጣውም፣ ጊዜ ይወስድበታልና። መጀመሪያውን «ስለ»፣ መጨረሻውን «ታቸው»፣ መሃሉ ላይ «መለከ» የሚመስል ነገር ያያል፤ የቀረውን ከዓረፍተ ነገሩ አካሄድ ይሞላዋል። ግምቱ አብዛኛውን ጊዜ ስለሚይዝ ማንም አያውቅበትም። የሚወድቀው ጸሐፊው ከሚጠበቀው ተቃራኒውን ሲጽፍ ነው። በቤት ኪራይ ውል ላይ «ቅድሚያ ክፍያው የማይመለስ ነው» የሚለውን «የሚመለስ» ብሎ ያነባል፤ ምክንያቱም የሚጠብቀው እሱን ነው። «ያልተከፈለ» የሚለውም «የተከፈለ» ይሆንበታል።

ሁሉም አሉታ እኩል አያስትም። «አልከፈለም» ላይ አሉታው በሁለቱም ጫፍ ታስሯል፣ ከፊት «አል» ከኋላ «ም»፤ አንዱ ቢያመልጥ ሌላው ያድናል። «ያልከፈለ» እና «የማይከፍል» ግን መጨረሻቸው ላይ ምንም የላቸውም። ውል፣ መመሪያና የፈተና ጥያቄ የሚወዱት ደግሞ እነዚህኑ ነው።

በአንጻሩ ማጥበቅና ማላላት ይህን ሰው እምብዛም አያስቸግረውም። «ገና» የገና በዓል ይሁን «እስካሁን» ማለት፣ «ዋና» መዋኘት ይሁን «ትልቁ»፣ ጽሕፈቱ አይነግርም፤ ማንም አንባቢ የሚለየው ከዐውዱ ነው። ከዐውድ መገመት ደግሞ የባለተሰጥኦው ጠንካራ ጎን ነው።

እዚህ ላይ የአብነት ትምህርት ቤት ይታወሰኛል። ሀ ሁ ሂ ሃን በዜማ የሚወጣው ልጅ ፊደሉን እያየ ይሁን በቃሉ ይዞ መምህሩ እንዴት ያውቃል? አ ቡ ጊ ዳ ብሎ ቅደም ተከተሉን በማፋለስ ነው። በቃሉ የያዘው ወዲያው ይታወቃል። ጸሐፊው «አባቶቻችን ዲስሌክሲያን አያውቁም ነበር» ይላሉ፤ ስሙን ባያውቁም በትውስታ የሚሸፈን ንባብን ማጋለጫ ዘዴ ነበራቸው።

ወደ አራተኛው ነጥብ ስንመለስ፣ «ዲግሪ የያዘ ሰው ዲስሌክሲያ የለበትም» የሚለው ከሁሉም የበለጠ ጎጂ ነው፤ ሰዎችን እርዳታ ከመጠየቅ የሚያሸማቅቅ ይኸው ነውና። በአሜሪካ ኮነቲከት ከ1983 ጀምሮ ከሕፃንነታቸው ክትትል የተደረገባቸው ሰዎች ወጣት ሲሆኑ አንጎላቸው ታይቶ ውጤቱ በ2003 ወጥቷል። በልጅነታቸው ንባብ ከከበዳቸው መካከል ከፊሎቹ በትክክል ማንበብ ችለዋል፤ እነሱም ከመጀመሪያው የተሻለ የቋንቋ ችሎታ የነበራቸው ናቸው። በትክክል ያነባሉ፣ ግን ቀስ ብለው፤ የግራ የኋላው ክፍልም እንደ ሌላው አንባቢ አልሠራም። የዳነ ነገር የለም፤ ሌላ መንገድ ተገኝቷል። በ2010 የወጣው የዚሁ ጥናት ተከታይ ደግሞ በተራ አንባቢ ዘንድ ንባብና አይ ኪው አብረው ሲያድጉ ዲስሌክሲያ ባለባቸው ግን አንዱ ሌላውን ሳይጎትት ለየብቻቸው እንደሚሄዱ አሳይቷል። ብልህነቱ ያድጋል፣ ንባቡ እዚያው ይቀራል የሚባለው ነገር መሠረቱ ይህ ነው።

በእኛ አገር ይህ የግምትና የትውስታ ሽፋን ብዙውን ጊዜ የሚቀደደው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንዱ ትምህርቱ ወደ እንግሊዝኛ ሲዞር፤ በአማርኛ በግምት የተሻገረው ልጅ የእንግሊዝኛን ፊደል በግምት ሊሻገረው አይችልም። ሁለተኛው ሥራ ላይ፣ የሚነበበው ሲበዛና ቀነ ገደቡ ሲያጥር ነው። ኮንስትራክሽን ላይ ድንቅ የሆነ መሐንዲስ ሳይቱ ላይ ማንም አይቀድመውም እንበል፤ ባለ 60 ገጽ የጨረታ ሰነድ ሲሰጠው ቤቱ ወስዶ ሌሊቱን ያድርበታል፣ ጠዋት «ዝርክርክ» ይባላል።

እንዲህ ያለውን ሰው ለመለየት የሚፈልግ መምህር ወይም ባለሙያ ዕለታዊ ጽሑፍ አስነብቦ «ችሏል» ማለት የለበትም። ሦስት ነገር ያድርግ። መጀመሪያ ትርጉም የለሽ ቃላት ጮክ ብሎ እንዲያነብ ይስጠው፤ «ዘፎቢጣ»፣ «ሹገዶን»፣ «ቀሚጨላ» የሚሉ ዓይነት፣ ሃያ ያህል። ግምት አይሠራም፣ ትውስታም አያድንም፤ ሰዓት ይያዝ። ቀጥሎ ያን የ50 ስም መጥራት ፈተና። ከዚያ በክብደት የሚመጣጠኑ ሁለት የጋዜጣ ጽሑፎች፣ እያንዳንዳቸው 300 ቃል ገደማ፦ አንዱን ሌላ ሰው ያንብብለት፣ ሌላውን ራሱ ያንብብ፣ ከሁለቱም እኩል ጥያቄ ይጠየቅ። በሰማው ላይ ሁሉንም መልሶ ባነበበው ላይ ቢጎድል፣ ወይም ሁለቱንም መልሶ ንባቡ ከሌሎች ሰዎች እጥፍ ጊዜ ቢፈጅበት ምልክት ነው። ጽሕፈቱን ሲያዩ ሀ፣ ሐ እና ኀን ወይም ሰ እና ሠን ማቀላቀሉን አይቁጠሩበት፣ ሁላችንም እናቀላቅላለንና። የሚታየው ከመሃል የተዘለለ ፊደል፣ የተሳሳተ ቤት፣ «ደ»ን በ«ተ»፣ «ገ»ን በ«ከ» መለወጥ ነው።

የተለመደው ስህተት ደግሞ ውጤቱን ከአማካይ ሰው ጋር ብቻ ማወዳደር ነው። ባለተሰጥኦው በንባብ መካከለኛ ሲወጣ «ደህና ነው» ተብሎ ይሸኛል። የቃላት ዕውቀቱ ከመቶ ሰው ሁለተኛ፣ ንባቡ ሃምሳኛ ከሆነ ግን ደህና አይደለም።

መድኃኒት ተብለው የቀረቡት ብዙ አያዘገዩንም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚና የዓይን ሐኪሞች በ2009 በጋራ ባወጡት መግለጫ ባለቀለም መነጽርና የዓይን ልምምድ ለዲስሌክሲያ በማስረጃ እንደማይደገፉ አስታውቀዋል። ለዲስሌክሲያ ተብሎ የተሠራው የፊደል ቅርጽ በ2016 ሲፈተሽ ጥቅሙ ከክፍተቱ ስፋት የመጣ ሆኖ ተገኝቷል፤ ስለዚህ ተራውን የግዕዝ ፊደል ተጠቅሞ የፊደላቱንና የመስመሮቹን ክፍተት ማስፋት ይበቃል፣ ወጪም የለውም። «ከንባብ ገላግሏቸው» የሚለው ደግሞ በቀጥታ የሚቃረነው ጥናት አለ። በ2004 የተመራማሪዋ ጊኒቨር ኢደን ቡድን ዲስሌክሲያ ላለባቸው አዋቂዎች ለስምንት ሳምንት የቃላትን ድምፅ የመለየት ጥብቅ ሥልጠና ሰጥቶ ንባባቸው እንደተሻሻለ፣ በአንጎላቸውም ላይ ለውጥ እንደታየ ዘግቧል። አዋቂ አንጎል ይማራል።

ከሥልጠናው ጎን ለጎን የዕለት ሥራን የሚያቀሉ ነገሮች አሉ። ረጅም ሰነድ በኮምፒውተር ሲመጣ የማይክሮሶፍት ኤጅ ማሰሻ አማርኛን ጮክ ብሎ ስለሚያነብ እየሰሙ በዓይን መከተል ይቻላል፤ ዝም ብሎ ከመስማት የሚሻለው ሁለቱ አብረው ሲሄዱ ነው። ለመጻፍ የጎግል የድምፅ ጽሕፈት ከ2017 ጀምሮ አማርኛን ይቀበላል። በብሪታንያ ፈተና ላይ ዲስሌክሲያ ላለበት ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ተጨማሪ 25 በመቶ ጊዜ ነው፤ የሦስት ሰዓቱ ፈተና ሦስት ሰዓት ከአርባ አምስት ይሆናል ማለት ነው፣ ጥያቄው ሳይቀል። ውል ከመፈረሙ በፊት ደግሞ እርሳስ ይዞ «የማይ»፣ «ያል»፣ «በስተቀር»፣ «ብቻ» እና «እንጂ» ያሉበትን ሁሉ አስቀድሞ ማክበብ፣ ከዚያ ማንበብ ነው። ሰነዱ ስልክ ላይ ከሆነ በመፈለጊያው «ማይ»፣ «ያል» እያሉ እነዚህኑ በየተራ መፈለግ ሥራውን ያቀልለዋል። አለቃም ቢሆን ስብሰባ ላይ ያልታየ ደብዳቤ ዘርግቶ «እስኪ አንብብልን» ከማለት ከአንድ ቀን በፊት ቢልክለት ምንም አይጎድልበትም።